ባለ ሁለት ቤት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጌትነት ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ በስልክ ያወራል። እኔና ምራቴ ትርንጎ በረንዳው ላይ ነጭ ሽንኩርት እንልጣለን። «አንድ ቤት አልሆነኝም» ሲል ሰማነው። «ሁለት ቤት ነው የሚያዋጣኝ።» የትርንጎ ቢላዋ ባለበት ቆመ። እኔ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅዎታል እማማ?» አለችኝ ፊቷ ጠቁሮ።

«አማትሽን በዚህች ቃል ላጣው ነበር» አልኳትና አጫወትኳት።

ይርሳው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያኔ እጮኛዬ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ ጋራዥ ነበረችው። ስምንት ሲሊንደር ያላት አሮጌ የአሜሪካ ፒካፕም ነበረችው፤ ከደብረ ኤልያስ ድንችና ሰው ትጭናለች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ማኒፎልዷ ተሰነጠቀ። ማኒፎልድ ማለት ካርቡራቶሩ የሚቀመጥበት፣ ቤንዚንና አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ብረት ነው። ናፍጣ መኪና ካርቡራቶርም የለው፣ ይህ ጣጣም አያውቀው። የመርካቶ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ልኮ «አንዱን ምረጥ» አለው። የአንዱ ሆድ ወለል ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ስምንቱም ሲሊንደር ከዚያው ይጠጣል። ሞተሩ በኃይል ሲዞር እንደ ጉድ ያስሮጣል። የሌላው ሆድ በግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል አራት አራቱን ያጠጣል። እሱ ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጉልበት ይሰጣል። መካኒኮቹ አንዱን «አንድ ቤት»፣ ሌላውን «ሁለት ቤት» ይሏቸው ነበር። ይርሳው ሁለት ቤቱን መርጦ ገጠመ።

አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ደብረ ኤልያስ ላይ ቅኔ ሲያስተምር የኖረ። ጎረቤት ጨው ሊበደር ቢመጣ እንኳ ከጨው በታች ሌላ ነገር ሳይፈልግ አይሰጥም። እናቴ «አንተ ሰው፣ ጨው እኮ ነው» እያለች ስንት ጊዜ ተጣልታዋለች። ያን ሰሞን የሠርጉን ቀን ሊቆርጥ ማርቆስ ይሄድና ጋራዡ በር ላይ ይደርሳል። ይርሳው ኮፈን ውስጥ ተደፍቶ ለጓደኛው «አንድ ቤትማ ለሜዳ ነው፤ እኔ ሁለት ቤት ካልያዝኩ ይህን ዳገት አልወጣውም!» ይላል። አባቴ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ከደጅ ተመለሰ።

«ሰሙ ሞተር ነው» አለን ማታ። «ወርቁን ግን እኔ አላጣውም። ሌላ ሴት አስቀምጧል። ቀለበቱ ይመለስ።»

አለቀስኩ። ይርሳውን አምነዋለሁ ማለት እፈልግ ነበር፤ ግን የአባቴ ጆሮ ስንት የተደበቀ ነገር ሲያወጣ አይቼ ነው ያደግሁት። ምግብ አልበላ አለኝ። የመስከረም እሸት ባቄላ፣ ነፍሴ የምትወደው፣ አፌ ውስጥ እንደ ገለባ ይዞር ነበር።

እናቴ ሽማግሌ ላከች። በእኛ አገር ደግሞ ነውር በግልጽ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ይርሳውን «የኔታ ሁለት ቤት አልወደዱልህም። አንድ ቤት ይሁንልህ» ብቻ ብለውት ተመለሱ። ይርሳው ግራ ተጋባ። የኔታን ከሞተር ጋር ምን አገናኛቸው? ሆኖም የልጃቸውን እጅ የሚፈልግ ሰው ነውና አልጠየቀም። ሁለት ቤቱን ፈታ፣ ገና ለነጋዴው ያልመለሰውን አንድ ቤቱን ገጠመና «አንድ ቤት ብቻ ነው ያለኝ፤ የኔታ መጥተው ይዩ» ብሎ ላከ። አባቴ ፊቱ በራ። ንስሐ የገባ መሰለው።

በሳምንቱ አባቴ ጋቢና ከይርሳው ጎን፣ እኔ ኋላ ድንቹ ላይ ሆነን ወደ ማርቆስ ተነሣን። ሜዳውን በረርነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ጭቃ ዳገት ላይ ስንደርስ ግን መኪናዋ ማሳል ጀመረች። ይርሳው ነዳጅ ሲሰጣት ታፈነች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ፍሬኑ ጭቃው ላይ አልያዘም። ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ከጆንያው ላይ ሆኜ ገደሉ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ይርሳው መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ ከአፈሩ ጋር ባያላትማት ኖሮ ይህን የማወራ እኔ አልኖርም።

አብረውኝ ከኋላ የተጫኑት ሰዎች ዘለው ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረጉ። አባቴ ጥምጥሙ ተፈትቶ ወረደ።

«ምን ነካት?»

«የኔታ፣ አንድ ቤት ይሁን ስላሉኝ ነዋ! ሁለት ቤቱ እኮ ዳገት ላይ ቀጥ አድርጎ ነበር የሚያወጣት።» ኮፈኑን ከፍቶ በጣቱ አሳየው።

አባቴ ብረቱን አየ፤ ይርሳውን አየ። «ሁለት ቤት ያልከው ይህን ነው?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል የኔታ?»

አባቴ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ «ወርቅ የለውም» አለ። «ሰም ብቻ ነው። በሰም ልጄን ልገድላት ነበር።» አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። በጥር ተጋባን። አባቴም እስኪሞት ድረስ ነገር ሲጠረጥር ቀና ብሎ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር እንጂ እንደ ድሮው ቅኔ አልፈታም።

«ስለዚህ አንቺም ጠይቂው» አልኳት ትርንጎን። «ሳይጠይቁ መፍታት ነው ገደል አፋፍ ያደረሰን።»

ትርንጎ አልሳቀችም። የተላጠውን ሽንኩርት በጣቷ ስታንከባልል ቆይታ፣ «እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «የጌትነት መኪና እኮ ናፍጣ ነው።»

አውቃለሁ። ገና ቃሉ ከአፉ ሲወጣ አውቄያለሁ፤ ሳቄም ከልብ አልነበረም። የመካኒክ ሚስት ሆኜ አርጅቼ ይህ ይጠፋኛል? እሷን ላጽናና ብዬ ነው ያን ሁሉ ያወራሁት፤ ምናልባትም ራሴን።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ግቢው ወረድሁ። ልጄ ሲያየኝ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ሁለት ቤት ስትል ምን ማለትህ ነው?» አልኩት።

መሬት መሬቱን አየ። አባቴ በዚያ ዳገት ላይ ወርቅ አለማግኘቱ ምን ያህል መታደል እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።