የጋሼ ወልደ የሱስ ጨፌ

ሁሩሙ ውስጥ ሻይ ቤት አለኝ። በጋው ሲጠና ሌላው ሰፈር ጄሪካን ይዞ ሲንከራተት፣ የእኔ ማንቆርቆሪያ ከእሳት ወርዶ አያውቅም። ለዚህ ከአላህ ቀጥሎ የማመሰግነው ጋሼ ወልደ የሱስን ነው።

ጋሼ ከምንጫችን በላይ ባለው ጨፌ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በቆሎ ለመዝራት ሁሉም ረግረጉን በቦይ ያጠነፍፋል፤ እሳቸውም ያጠነፍፋሉ። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ውሃው ተመልሶ እንዲተኛ ቦዩ መደፈን አለበት። ቀበሌው ይህን በስብሰባ ደንብ አድርጎታል፤ አስከባሪው ግን ጋሼ ብቻ ነበሩ። አካፋ ይዘው የየሰዉን ቦይ በሣርና በጭቃ ይደፍናሉ። «ጨፌ ካላረፈ ምንጭ የለም!» እያሉ ይጮኻሉ። ያልሰደቡት ጎረቤት የለም፤ ያልሰደባቸውም የለም።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ፣ በቆሎው ተሰብስቦ ቦይ መድፈኛው ሲደርስ፣ ወገባቸው ያዛቸውና ተኙ። ሻይ በፔርሙስ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አካፋው በሩ ጥግ ተደግፏል።

«በቃ፣ ውሃው ሄደ» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።

ይህን እንዳሉ ጎረቤቶቹ ተግተልትለው ገቡ። ሁሉም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ናቸው።

«አካም ጂርቱ ጋሼ? ቦዩን ሁሉ ደፍነነዋል» አለ ገዛኸኝ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚጣላቸው ሰውዬ።

ጋሼ ዞር ብለው የሰዎቹን እግር አዩ። «ሰው ቤት እንዲህ ተሁኖ ይገባል? ቤቴን አበላሻችሁት!» ብለው ጮኹ።

ሰዎቹ እየሳቁ ወጡ። እኔም ወለሉን ልጠርግ መጥረጊያ አነሳሁ።

«ተዪው ነኢማ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «ጭቃው ይደር።»