በካርድ ላይ የተሰማ ልብ

ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም ሆኜ ውስጥ ደዌ ክፍል የገባሁ ዕለት ስድስት አልጋ ተሰጠኝ። የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንቱ ዶክተር ሙራድ አልጋዎቹን በጣቱ እያሳየኝ፣ «ከነዚህ ውጪ ዓለም የለም በይ» አለኝ። የቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። ለካ የምሩን ነው።

ሆስፒታሉ ከተማው ዳር፣ ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው ክፍላችን ከነአልጋው ደመና ላይ የተንሳፈፈ ይመስለኛል። ነርሶቹ በዝግታ ይመላለሳሉ፣ በሽተኞቹ በሹክሹክታ ያወራሉ። ያን ዓመት አሁን ሳስበው በቁሜ ያየሁት ሕልም ነው የሚመስለኝ። እወደው ነበር፤ እፈራውም ነበር።

ሥልጠናው ሦስት ዓመት ነው። አንደኛ ዓመት አልጋ ይይዛል፦ በየጠዋቱ በሽተኛውን ይመረምራል፣ ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ሐኪሞቹ አብረው በየአልጋው በሚዞሩበት ራውንድ ላይ ወረቀት ሳያይ ያቀርባል። ሁለተኛ ዓመት የአንደኛውን ሥራ ይፈትሻል፤ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ይመደባል። ሦስተኛ ዓመት ክፍሉን ይመራል፣ የመመረቂያ ጥናቱንም ይሠራል። ከሁሉም በላይ ሲኒየሩ፣ ማለትም የሚያስተምረን ስፔሻሊስት አለ። አንድን በሽተኛ አራት ሰው እንዲያዳምጠው ታስቦ የተሠራ መሰላል ነው።

ስድስተኛው አልጋ ላይ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የፉሪ ገበሬ ተኝተው ነበር። በልባቸው ዙሪያ ውሃ ተቋጥሯል። መንስኤው ቲቢ ነው ብለን መድኃኒት ጀምረንላቸዋል። ውሃው ከጨመረ ግን ልብን አፍኖ ይገድላል። ስለዚህ በየጠዋቱ ደረታቸውን ማዳመጥ፣ የአንገታቸውን የደም ሥር ማየት የእኔ ሥራ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ጨዋታ ያውቃሉ። ጉሙ ሲገልጥ በመስኮቱ እያሳዩኝ፣ «ያ ፎቅ የቆመበት ጤፌ ነበር። ከዚያ ማዶ ያለው ደግሞ ሽምብራ» ይሉኛል። አንድ ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስሰማቸው ፎቁ ጠፍቶ ማሳው ታየኝ። ከዚያ ሃሳብ ስነቃ ራውንድ ሊጀመር ነው። ወሬያቸውን እንጂ ደረታቸውን አልሰማሁም። የትናንቱን ምርመራ ቃል በቃል ገልብጬ ጻፍኩ።

ተራዬ ሲደርስ፣ «የልብ ድምፅ ጥርት ያለ፣ ከትናንቱ ያልተለየ» ብዬ አቀረብኩ። ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

ሲኒየራችን ዶክተር አስናቀ ማዳመጫቸውን የኦቦ ገመቹ ደረት ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ አውልቀው ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ። የኦቦ ገመቹ ልብ ሩቅ ቤት ውስጥ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ሆኖ ተሰማኝ። የአንገታቸው የደም ሥር ተገትሯል፤ ውሃው ጨምሯል።

«አንተስ ሰምተኸዋል?» አሉት ሙራድን።

«እሷ ከጻፈችበት ካርድ ነው ያየሁት፣ ዶክተር።»

ወደ ሦስተኛ ዓመቷ ሬዚደንት ዞሩ። «አንቺስ?»

«ሙራድ ነው የነገረኝ።»

«ሦስት ሐኪም፣ አንድም ጆሮ የለም» አሉ ዶክተር አስናቀ። አልጮኹም። ወዲያው አልትራሳውንድና መርፌ እንዲመጣ አዘዙ።

የኦቦ ገመቹ የደም ግፊት እየወረደ ነበር። ዶክተር አስናቀ በአልትራሳውንዱ እያዩ መርፌውን አስገብተው ውሃውን መቅዳት ጀመሩ። እኔ የኦቦ ገመቹን እጅ ይዤ ነበር፤ ቀዝቅዞ ነበር። ይሞታሉ ብዬ አሰብኩ፤ ገዳያቸውም እኔ እንደምሆን አወቅኩ። ቀስ በቀስ ግፊቱ ወጣ፣ ትንፋሻቸውም ተመለሰ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ላዳምጣቸው ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ያን ለታ እኮ ደረቴን አልነካሽም» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ። ግን ለምን ለሐኪሙ አልነገሯቸውም?»

«ልጅ ነሽ። በሰው ፊት ይቆጧታል ብዬ ነዋ። የትንፋሹን ማጠርም ቻል አደረግኩት።»

አሁን ሲኒየሯ እኔ ነኝ። ለአዲስ ሬዚደንቶች አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ፦ ያልመረመራችሁትን አልመረመርኩም በሉ። በሽተኛው አያጋልጣችሁም፤ እየታፈነም ቢሆን ይሸፍንላችኋል።