ነፋስ የማይጋልበው ድንኳን

ጋሼ ደጉ ዘንገና ሐይቅ ዳር ለሚያድሩ እንግዶች ድንኳን ያከራያሉ። የመጀመሪያውን ነፋስ ነቅሎ ሐይቁ ላይ ስላንሳፈፈባቸው፣ አዲስ ሊገዙ በዳማ ፈረሳቸው እንጅባራ ገቡ። ዳማ ቀበጥ ነው፤ ጣሪያው የሚያፈስ በረት ውስጥ ከሚያድር ዝናብ ላይ ቆሞ ማንጋት ይመርጣል።

ጋሼ ደጉ ድንኳንም የሚመርጡት እንደ ፈረስ ነው። ባለሱቋ ሜላት ጓሮዋ ውስጥ ሦስት ተከለችላቸው። እሳቸው ዞረው አዩ፣ ጎኑን በጥፊ መቱ፣ ስፌቱን ሳቡ። አንዱን “ሰላላ ነው”፣ ሌላውን “ወገቡ አያስተማምንም” ብለው ጣሉ።

“ጋሼ፣ ድንኳን እኮ ነው፤ አይጋልቡት” አለች ሜላት እየሳቀች።

“እኔ ባልጋልበው ነፋሱ ይጋልበዋል” አሏት።

ወዲያው ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሁለቱም ተሯሩጠው ሦስተኛው፣ ወፍራሙ ሸራ ውስጥ ገቡ። ነፋሱ ቢታገለው ንቅንቅ አላለም።

“አሁንስ ወደዱት?” አለች ሜላት።

“ቆይ እስቲ፣ አትቸኩይ።”

ይህን ጊዜ ደጅ የቀረው ዳማ የድንኳኑን በር በደረቱ ገፍቶ ገባ። መሀላቸው ቆሞ ውሃውን አራገፈባቸውና ዓይኑን ጨፈነ።

ጋሼ ደጉ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

“በይ ጠቅልይልኝ” አሉ፣ “እሱ እሺ ብሎ ከወጣልሽ።”