ከፓሪስ በፊት በሲያትል ዳቦ ቤቶች

ከታኮማ የተነሳነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የወጣነው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ልጄን ሳምራዊትን ፓሪስ ልላካት ወይስ ልከልክላት የሚለውን የምንቆርጥበት ቀን ነበር።

ሳምሪ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ትማራለች፤ ትምህርት ሲዘጋ አስተማሪዋ ክፍሉን ይዛ ፓሪስ ልትሄድ ነው። ሌላ እናት ደስ ይላት ይሆናል። እኔ ግን ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሳምሪ የለውዝ አለርጂ አለባት። ኦቾሎኒ፣ አልመንድ፣ ካሹ፣ የዚህ ዓይነት ነገር ሁሉ ለእሷ መርዝ ነው። አራት ዓመቷ እያለ አንድ ክርስትና ላይ ኬክ በልታ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ፤ አምቡላንስ ውስጥ ትንሽ እጇን ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አለርጂው ሲነሳባት የምትወጋው መርፌ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። ሰው ቤት ስትጋበዝ ቀድሜ ደውዬ ምን እንደተሠራ እጠይቃለሁ። የፈረንሳይ ኬክ ደግሞ አብዛኛው አልመንድ ነው ብለው ነገሩኝ።

መላውን ያመጣው ባለቤቴ ግርማ ነው። ወደብ ላይ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ነገር ማስረዘም አይወድም።

"ፓሪስን እዚህ ቁጭ ብለሽ ከምትፈሪያት፣ ሲያትል ያሉትን የፈረንሳይ ዳቦና ምግብ ቤቶች አንድ ቀን እንዙራቸው" አለኝ። "ሳምሪ ራሷ ትጠይቅ፣ ራሷ ትምረጥ። አንቺ ዝም ብለሽ እያት። ከዚያ ወስኚ።"

ዝም እንደምል ቃል አስገቡኝ። ፋሲካ እስኪያልፍ ደግሞ እኔ አስጠበቅኳቸው፤ በጾም ቅቤ በቅቤ የሆነ ነገር ልንዞር አንችልም።

ማውንት ቤከር

መንገዱ ቅዳሜ ስለሆነ ብዙ አልተጨናነቀም። ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር የሬኒየር ተራራ በረዶው እያበራ ከኋላችን ይታያል። ማውንት ቤከር የሚባለው የሲያትል ሰፈር ደርሰን የግርማን ታላቅ እህት እትዬ ጥሩነሽን ወሰድን። ነጠላቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከተማ ውስጥ ፓርክ ማድረግ መከራ ስለሆነ መኪናውን እሳቸው ግቢ ትተን ባቡር ያዝን። ለአንድ አዋቂ ሦስት ዶላር ነው።

"ዳቦ ለመብላት ባቡር?" አሉ እትዬ። "እኛ ሰፈር ዳቦ ጠፋ?"

"እትዬ፣ የፈረንሳይ ዳቦ እኮ ነው" አላቸው ግርማ።

"ፉርኖም የፈረንጅ ነው። ለፉርኖ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም።"

ሳምሪ ሳቀች። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ መርፌውን አየሁ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ደግሜ አየሁት።

የመጀመሪያው ዳቦ ቤት

ካፒቶል ሂል ላይ ከባቡሩ ወርደን ትንሽ እንደሄድን ሰልፉን አየን። ሰው እስከ ውጭ ተሰልፎ ይጠብቃል። በሩ ሲከፈት የቅቤው ሽታ እስከ እኛ ይመጣል። ተራችን ሲደርስ መስታወቱ ውስጥ ያለውን አየሁ፤ ጨረቃ የመሰለ ክሯሳን፣ ክብ ክብ ጣፋጭ፣ እንጆሪ የተደረደረበት ኬክ። ብዙዎቹ ላይ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ አልመንድ ተበትኗል።

ሳምሪ ለሻጯ ልጅ ቀስ ብላ ማስረዳት ጀመረች። ድምጿ አነሰብኝ። ሻጯ የሰማቻት አልመሰለኝምና ከኋላ ሆኜ "ኖ ነት! ኖ ነት! ቬሪ ሲክ!" ብዬ ጮህኩ። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየን።

"ማም፣ ፕሊስ" አለች ሳምሪ፤ ጆሮዋ ቀላ።

ግርማ ክንዴን ያዘኝ። "ቃልሽስ?"

ሻጯ ልጅ ደግ ነበረች፤ እውነቱን ነገረችን። ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይዳመጣል፣ አንድ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል፣ ስለዚህ ዋስትና ልትሰጥ አትችልም። ሳምሪ አመሰገነቻትና ለእኛ ሦስት ክሯሳን ገዛች። አንዱ ወደ ስድስት ዶላር ነው። ለራሷ ምንም አልያዘችም። እጇን እንኳ ወደ ከረጢቱ አልሰደደችም፤ አባቷ ነው የተቀበለው።

"በቃ፣ ወደ ቤት እንመለስ" አልኩ።

"ለምን? ጠየቅኩ፣ አይሆንም አለችኝ፣ አልበላሁም። ምን ተፈጠረ?"

ከእሷ ራቅ ብለን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን በላን። እትዬ ጥሩነሽ አንድ ጊዜ ሲገምጡ ፍርፋሪው ነጠላቸውን ሞላው።

"ልበላው ወይስ ልበትነው? አልገባኝም" አሉ እያራገፉ። ቢሆንም ጨረሱት።

ሁለተኛው ዳቦ ቤት

ቁልቁለቱን ወርደን ሳምሪ ስልኳ ላይ ፈልጋ ያገኘችው ጠባብ ቤት ገባን። እዚህ ጌጠኛ ኬክ የለም። ረጃጅም ዳቦ፣ ድቡልቡል ዳቦ፣ ጥቂት ክሯሳን፣ ሌላ የለም። እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት የነካው ሽማግሌ ወጣና ለውዝ የሚባል ነገር ቤቱ እንደማይገባ ነገራት። እኔ ተመስገን ብዬ ልቀመጥ ስል ሳምሪ አልጨረሰችም። ዱቄቱ ከየት ይመጣል? ቸኮሌቱስ? ከሌላ ቤት የሚመጣ ጣፋጭ አለ? ሽማግሌው ገብቶ የዱቄቱን ከረጢትና የቸኮሌቱን ካርቶን አመጣላት። ቆማ አንድ በአንድ አነበበች።

ከዚያ ተቀምጣ በላች። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ክሯሳን ቀምሳ አታውቅም። እኔ ከንፈሯን አያለሁ፣ አንገቷን አያለሁ፣ ደረቷን አያለሁ።

"እየተነፈሰች ነው፤ ከፈለግሽ ቁጠሪላት" አለኝ ግርማ።

"ሳምሪዬ፣ እንዴት ነው?"

"እማ፣ አንድ ጊዜ ዝም በዪ፣ እያጣጣምኩ ነው" አለች ዓይኗን ጨፍና። እውነትም ደስ ብሏት ነበር። እኔም ልቤ ትንሽ ረጋ አለ።

ምሳ

ለምሳ መሀል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ካለው ትልቅ ገበያ በላይ ያለች ቢስትሮ የሚሏት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ጠረጴዛዎቹ ተጠጋግተው የጎረቤትህ ክርን ይነካሃል። የምግቡ ዝርዝር በፈረንሳይኛ ነው። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ እንግሊዝኛውንም በግድ ነው የማነበው። ሳምሪ ለሁላችንም አነበበችልን። አሳማ ያለበትን አስቀድማ ለየችልን። ግርማ ጥሬ የተከተፈ ሥጋ መኖሩን ሲሰማ ሌላ መስማት አልፈለገም።

ምግቡ ሲመጣ እትዬ አዩት። "ይህማ ክትፎ ነው። ሚጥሚጣውን ምን በላው?"

"ሰናፍጭ አለው" አላቸው ግርማ።

"ሰናፍጭ ሚጥሚጣ አይሆንም፤ አታሞኘኝ።" እሳቸው አይብ የተጋገረበት የሽንኩርት ሾርባ ነበር ያዘዙት፤ ወደውት ዳቦ እየነከሩ ጠረጉት።

ሳምሪ ዶሮ አዘዘች። ከማዘዟ በፊት አስተናጋጁን ሁለት ጊዜ ወደ ወጥ ቤት ላከችው። መጥበሻው ለብቻ እንዲሆን፣ ስጎው ምን እንዳለበት፣ ሁሉን ጠየቀች። እኔ በዚህ ተደስቼ የራሴ ምግብ ምን እንዳለበት መጠየቅ ረሳሁ። ዝርዝሩ ሲበዛብኝ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ዓሣ በጣቴ አሳይቼ "ያንን" ብዬ ነበር ያዘዝኩት።

ዓሣው በቅቤ የተጠበሰ ነው፤ ከሥሩ ፋሶሊያ አለው። እንዴት እንደጣፈጠኝ! ልጄን አየኋት፤ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ዶሮዋን ትቆርጣለች። ኮራሁባት። ከዓሣውም ከፋሶሊያውም አድርጌ በዳቦ ጠቀለልኩና "እንቺ፣ አፍሽን ክፈቺ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ሳምሪ የእጄን አንጓ ያዘችው።

"እማ፣ ያንቺ ምን አለበት?"

"ዓሣ ነው፣ ምን ይኖርበታል? ጉረሺ።"

"የእናትሽን ጉርሻ ልትመልሺ?" አላት አባቷ እየሳቀ።

"ምነው ልጄ፣ እጇን አየር ላይ አታቆዪባት እንጂ" አሉ እትዬ።

ሦስታችንም አየናት። እጄን አልለቀቀችም። ልጄ ጨካኝ አይደለችም፤ ፊቷ ላይ መጨነቋ ይታያል። ግን አፏን አልከፈተችም። በሌላ እጇ አስተናጋጁን ጠራችና ጠየቀችው። ሰውየው ሳህኔን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ፋሶሊያው የተገላበጠው በቅቤና በተፈጨ አልመንድ ነው። እኔ የዳቦ ፍርፋሪ መስሎኝ ነበር።

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። አስተናጋጁ ሳህኑን አነሳ፣ ጠረጴዛውን ጠረገ፤ ሳምሪም አንጓዬን የያዘችበትን እጇን ልትታጠብ ተነሳች። እኔ ተከትያት መታጠቢያ ቤት ገባሁ። በሳሙና አሽቼ ታጠብኩ፣ እንደገና ታጠብኩ።

"እማ፣ ተቀየምሽኝ?" አለችኝ በመስታወቱ እያየችኝ።

"በምኑ?"

"ጉርሻሽን ስለመለስኩ።"

ልገድላት ነበር፣ እሷ የምታስበው ለእኔ ነው። አንድ ጊዜ ጨምሬ ታጠብኩና አቀፍኳት።

መልስ

እትዬ ጥሩነሽን ቤታቸው አድርሰን፣ መኪናችንን ይዘን ወደ ታኮማ ነዳን። እትዬ ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት የሳምሪን ራስ ስመው "አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ እኔ ብሆን አፍሬ እጎርስ ነበር" ብለዋታል። ይህ ቃላቸው አብሮኝ መጣ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለምትፈሩ እናቶች ነው። እስከዚያ ቅዳሜ አደጋው ከማያውቃት ሰው እጅ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የማያውቃት ሰው ግን ስትጠይቀው መለሰላት፤ አንዷ አይሆንም አለቻት፣ ሌላው ከረጢቱን አውጥቶ አሳያት። ከሁሉም የከበዳት በፍቅር የተዘረጋውን እጅ መያዝ ነው፤ እጁ ደግሞ የእኔው ነው። አጠገቧ መሆኔ ብቻ አያድናትም። አብሬያት ነበርኩ እኮ።

ቤት ገብተን ጫማችንን እንዳወለቅን ሳምሪን ወጥ ቤት ጠራኋት።

"ፓሪስ አስተማሪሽ በእጇ ብታቀርብልሽስ?"

"እጠይቃታለሁ።"

"ጓደኛሽ ብትቀየምሽስ?"

"ትቀየማ።"

"የጋበዙሽ ሰዎች ቢያዝኑስ?"

"እማ" አለችኝ፣ ፈገግ ብላ፣ "አንቺን እንኳ ጠይቄሻለሁ።"

ፍርሃቴ አሁንም አልለቀቀኝም፤ ተመልሳ በር እስክታንኳኳም የሚለቀኝ አይመስለኝም። ግን ወላጅ የሚፈርምበትን የትምህርት ቤቱን የፈቃድ ወረቀት እንድታመጣው ነገርኳት።

"ሪሊ?"

"አምጪው፣ ሐሳቤን ሳልቀይር" አልኳት፤ ወረቀቱ ላይ ስሜን ጻፍኩ።