የሸክላ ሠሪዋ ዓይን

በደርግ ዘመን፣ ከአንኮበር ቁልቁል ባለች መንደር የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የስድስት ወር ልጅ አዝዬ ነበር። ባሌ ዘምቷል። የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ያውም የቄስ ልጅ ነኝ፤ ለመንደሩ እንግዳ ነበርኩ።

የማስተምረው በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ነው። ሴቶቹ በአግዳሚዎቹ ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ብቻ በሩ አጠገብ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ቡዳ ናት ይሏታል። በእሷ ድስት ወጥ ይሠራሉ፣ በእሷ እንስራ ውሃ ይቀዳሉ፤ ከእሷ እጅ ግን ውሃ አይጠጡም።

እኔም «ሰው ሁሉ እኩል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ በስጋት ወደ እሷ ዞር ዞር እል ነበር። ሌሎቹ ፊደሉን ሲያዩ እሷ የምታየው ጀርባዬ ላይ ያለውን ልጄን ነው። በዚያው ሰሞን ልጁን ተቅማጥ ጀምሮት ነበር። ጥርስ ሊያበቅል ነው ብዬ ችላ ብዬዋለሁ።

አንድ ቀን ትምህርት ሲያልቅ ጠጋ አለችኝ።

«መምህርት፣ ልጁን አንዴ ላየው?»

«ምኑን ነው የምታዪው?» አልኩና ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ጡት እምቢ አለ። አከራዬ ገና ስታየው፣ «በላችው! ሳይመሽበት እንትፍ ትበልበት!» ብላ ጮኸች። ያ ሁሉ ትምህርቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ልጄን አቅፌ ሮጥኩ። አከራዬና ጎረቤቶቿ ተከተሉኝ፤ አንዷ ዱላ ይዛለች።

ሸክላ ሠሪዋ ደጇ ላይ ጭቃ እያቦካች ነበር። የመጣንበት ገብቷታል።

«እንትፍ ብል ቡዳ ነኝ ብዬ አመንኩ ማለት ነው፤ እምቢ ብል ልጁን ገደለች ትላላችሁ» አለች። «እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?»

 እጇን ታጠበችና ተነሣች። እኔ ልጄን ጠበቅ አድርጌ እንደያዝኩ መዳፏን አናቱ ላይ አሳረፈች።

«ይኸው፣ እርግብግቢቱ ጎድጉዷል። ትናንት ልነግርሽ የመጣሁትም ይህንኑ ነበር። የኔዋ ልጅ እንዲህ ሆና ነው ያመለጠችኝ።»

«እንትፍ በይ!» አለች አከራዬ።

እንትፍ አለች። እንባዋ ወረደ። «ደስ ይበላችሁ። አሁን ወደ ክሊኒክ እንሂድ።»

የአንኮበርን ዳገት አብራኝ ወጣች። ሲደክመኝ ልጁን ተቀበለችኝ። ሰጠኋት እንጂ አላመንኳትም፤ ፊቷን ለማየት ጎን ለጎን እየተጣደፍኩ ነው የሄድኩት። ልጁን የሚይዝልኝ ሌላ ሰው መንገድ ላይ ባገኝ ኖሮ ከእጇ እነጥቃት ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

የክሊኒኩ ሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ልጁን አገላብጦ አየውና፣ «የሰውነቱ ውሃ አልቋል። አንድ ቀን ብትዘገዪ አታገኚውም ነበር» አለኝ። ግሉኮስ ሰካለት። እሷ ከአጠገባችን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ዋለች። ወደ ማታ ልጄ ጡት ያዘ።

መንደር ስንመለስ አከራዬ፣ «አየሽ? እንትፍ ስትልበት ለቀቀችው!» አለችኝ። የልጄ መዳን ጭራሽ በሸክላ ሠሪዋ ላይ ማስረጃ ሆነባት።

በሚቀጥለው ትምህርት ሰሌዳውን ትቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ድሬሰሩ ያለውን፣ እሷ ቀድማ ያየችውን፣ እኔ የጠረጠርኳትን። ከዚያ በሩ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩና፣ «እትዬ፣ ውሃ ይኖርሻል?» አልኳት። በቅል ሰጠችኝ፤ ሁሉም እያዩኝ ጠጣሁ። ልቤ አልደነገጠም ብል ውሸት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት እናት የታመመች ልጇን ይዛ ከሸክላ ሠሪዋ ጎን ስትቀመጥ አየሁ። ከዚያ ሌላዋ መጣች። አብዛኞቹ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። አከራዬም ያንን ውሃ ከጠጣሁበት ቀን ጀምሮ፣ ከመንደሩ እስክለቅ ድረስ፣ ለእኔ የምታቀርብልኝን ጣሳ ለብቻው ለየችው።