የአንጓች አንገት፦ ከጥሊሊ ዳንግላ ደርሶ መልስ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጥሊሊ

የኅዳር ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። የፈረሶቹ ትንፋሽ ይጨሳል። የሚኒባሱ ረዳት እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ "እንጅባራ! ዳንግላ! ሁለት ሰው ብቻ!" ይላል፤ ውስጥ ግን ገና አራት ሰው ነን።

እግሬ ቤት መቀመጥ እንደማይወድ የምታነቡኝ ታውቃላችሁ። ለጠበል ሄጃለሁ፣ ለንግሥ ሄጃለሁ፣ ያለ ምክንያትም ሄጃለሁ። የዛሬው ግን ሌላ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ አንጓች ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንጅባራ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች። እሑድ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች። "ብርድ ነው" አለችኝ። ብርድ ግን አይሸትም። ሻርፑን ሳስወርዳት ከአገጯ በታች ያለው ቆዳ ተልጦ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ዳር ዳሩ ከስሎ አገኘሁት።

አንጓች አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አላት። የሆቴሉ ባለቤት "እንግዳ ፊት ሸፈን አድርጊው፣ የገጠር ነገር ነው" ሲላት ከረመ። እሷም ንቅሳት ያጠፋል የተባለ ቅባት ገዝታ ሳምንት ሙሉ ተቀባች። ንቅሳቱ አልጠፋም። የጠፋው ቆዳዋ ነው።

ትናንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አየቻትና "ዳንግላ ከትልቅ ከተማ የቆዳ ሐኪሞች ለጥናት መጥተዋል፤ ያክማሉም። ነገ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። የተቀባችውን ነገር ይዛችሁ ሂዱ፣ ምን እንዳቃጠላት ካላወቁ ይቸገራሉ" አለችን። አንጓች ደግሞ ዕቃውን በንዴት ገደል ጥላዋለች። ስለዚህ ዳንግላ ከመድረሳችን በፊት ሻጩን ማግኘት አለብን።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ በር ላይ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል ተብሎ ተጽፏል። አሥራ ስምንት ሐኪም ጭኗል። ሻርፑ ሸርተት ባለበት ቅጽበት ሁሉም ሥራ ጀመረ።

"ለጋ ቅቤ ነው ለዚህ" አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት።

"ቅቤ ያግለዋል፤ የበግ ላት ነው" አለ የድንች ጆንያ ታቅፎ የተቀመጠ ሰውዬ።

"የጥርስ ሳሙና ያቀዘቅዛል" አለ ረዳቱ። እሱም አስተያየት አለው።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየንና፣ "እማማ፣ እኔ እጄ ሲቃጠል የሞተር ዘይት ነው ያዳነኝ።"

"አንተ ሞተር ሆነህ ይሆናላ ልጄ። እሷ ሰው ናት" አልኩት።

ሳቁ። አንጓች ግን አልሳቀችም፤ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ የገብሱን ማሳ ታያለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ እንጅባራ

የቀርከሃ ወንበር ሠሪዎቹ ዕቃቸውን አስፋልት ዳር መደርደር ጀምረዋል። ከእነሱ ማዶ አንጓች ቅባቱን የገዛችበት፣ መስታወቱ ሁሉ የፈገግታ ሴቶች ሥዕል የተለጠፈበት ሱቅ አለ። ከሴቶቹ አንዷም የእኛን አገር ሰው አትመስልም። ባለሱቁ ወጣት ነው። ፊቱ እንደተላጠ ድንች ነጥቷል፤ ጆሮውና የጣቶቹ አንጓ ግን እናቱ እንደወለደችው ጥቁር ናቸው። ፊቱና እጁ በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደተገናኙ እንጃ።

"እማማ ምን ልስጥዎት? የማድያት አለ፣ የብጉር አለ፣ የሚያቀላ አለ።"

"የሚያጠፋውን" አልኩት። አንጓች ሻርፑን አወረደች።

አንዴ አያትና ዓይኑን ወደ መደርደሪያው አሸሸ። "ይሄ የቅባቱ አይደለም። ቆዳዋ ነው። ሴንሲቲቭ ነው። ለሌላው ሁሉ ሠርቷል።"

"ሴንሲቲቭ" የምትለዋን ቃል ወደድኳት። ቅባቱ ሰው ሲልጥ ጥፋቱ የተላጠው ሰው ነው ማለት ናት።

"ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከውጭ ነው።"

"ከውጭ ከየት?"

"ከውጭ ነዋ፣ እማማ!"

የጓዳው መጋረጃ አጭር ነው። ሥሩ ሰማያዊ ባልዲ ይታየኛል፤ ጠርዙ ላይ የጎማ ጓንት ተንጠልጥሏል፣ ጎኑ ባዶ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ውጭ አገር እንዲህ ቅርብ መሆኑን ባውቅ ይሄን ሁሉ ዓመት በእግሬ ባልተንከራተትኩ።

ነጠላዬን ገለጥኩና አንገቴን ሰጠሁት። እኔም ሦስት ዙር አለኝ። "እንግዲያው እኔንም ቀባኝ። በጣትህ፣ ያለ ጓንት።"

"ለእርስዎ አይሆንም። ዕድሜዎ…"

"ዕድሜዬ ምን ሆነ? አጥፋልኝ አልኩህ እንጂ ዳረኝ አልኩህ?"

ወንበር ሠሪዎቹ ሥራቸውን ትተው መጡ። አንደኛው ቢላዋውን እንደያዘ፣ "ቀባቸው እንጂ ወንድሜ! ለሌላው ሁሉ ሠርቷል አላልክም?" አለው። ሌላው "ጓንቱን ግን እንዳትረሳ!" አለና ሁሉም ሳቁ። ሁለት ልጃገረዶች ሊገቡ መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ የአንጓችን አንገት አይተው ተመለሱ። ይኼኔ ባለሱቁ አንድ ብልቃጥ አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠና "ይዘውት ይሂዱልኝ፣ ዝም ብለው ይሂዱልኝ" አለ። ድምፄን አንድ ጊዜም ከፍ አላደረግሁም።

አራት ሰዓት፣ አዲስ ቅዳም

በመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ጆንያ ቆሟል። የሚጭኑት ሰዎች ከራስ እስከ እግር አንድ ቀለም ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ይለያል። እኔ አሁንም በባለሱቁ ላይ ነኝ። ጆሮው እንዲህ፣ ጣቱ እንዲህ እያልኩ ሻርፑን ላስተካክልላት እጄን ስሰድ አንጓች እጄን ገፋችው።

"አትንኪኝ፣ እናና።"

"ምን አደረግሁ?"

"ከጧት ጀምሮ እሱን ትሰድቢያለሽ። ንቅሳቱን ማን አመጣው? ለእንቅርት መድኃኒት ነው ብለሽ አይደል ያስነቀስሽኝ?" ዞር ብላ አንገቴን አየችው። "ይኸው፣ ንቅሳቱም እንቅርቱም አንቺው ላይ ነው።"

እውነቷን ነው። ከሦስቱ ዙር ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት ተሸክሜ ነው የምዞረው። በእኛ አገር አንገት የተነቀሰች ሴት እንቅርት አይይዛትም ይባል ነበር። እናቴ እኔን አስነቀሰች፣ እኔ ያበጠ አንገቴን ይዤ አንጓችን አስነቀስሁ። መድኃኒቱ ካልሠራበት ገላ ላይ ቁጭ ብዬ መድኃኒቱን ለልጅ አዘዝኩ። ባለሱቁ እንኳ የራሱን ጆሮ ሳይቀባ ምሮታል።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ዳንግላ

ጋሪ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ለምጽ ያለበት፣ ፊቷን ማድያት የወረሳት፣ ያከከው፣ ያሳከከው። በሩ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ተመራማሪ ወረቀት ይሞላል። ትሑት ልጅ ነው፤ ችግሩ ወረቀቱ ነው።

"እማማ፣ ፀሐይ ሲመታዎት ቆዳዎ ይቀላል? ወይስ መጀመሪያ ቀልቶ በኋላ ይጠቁራል?"

"ልጄ፣ ይሄን የጻፈው ሰው ፀሐይን በዓመት ስንቴ ነው የሚያያት?"

አንገቱን አቀረቀረና ስድስት ቀለም የተሰለፈበት ካርድ አወጣ። ከስድስቱ አራቱን ዕድሜ ልኬን ሰው ላይ አይቻቸው አላውቅም። መጨረሻዋ አንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ቀይ ዳማውንም፣ ጠይሙንም፣ ጠቋራውንም፣ አገሩን በሙሉ አጭቀውታል። ከዚያ የቆዳ ቀለም የሚለካ መሣሪያ አንገቴ ላይ ለጠፈ። መሣሪያው ጮኸ። አየው፣ መታ መታ አደረገው፣ ደግሞ ለጠፈው።

"ከልኩ ውጪ ነዎት ይላል።"

"ንቅሳቴን እየለካህ ነው።"

ቀልድ ይመስለኝ ነበር፣ ተራው የአንጓች እስኪሆን። አያትና ወረቀቱን አገላበጠ። መቅላት ይላል ወረቀቱ፤ መቅላት አልታየውም፣ "የለም" ብሎ ሞላ። የኬሚካል ቃጠሎ ይላል፤ እዚያ ሲደርስ ብዕሩን አነሳ።

"ጥናታችን በተፈጥሮ ቀለም ላይ ነው። እሷ አትካተትም። የቆዳ ሐኪማችን ዛሬ የምታየው የተመዘገቡትን ብቻ ነው፣ ማታ እንመለሳለን።"

"እኔስ?"

"እርስዎማ ይካተታሉ። ጤነኛ ነዎት፣ ለማነጻጸሪያ።"

ጤነኛዋ ወደ ሐኪም፣ የተቃጠለችው ወደ ቤቷ። አንጓች ሻርፑን መልሳ መጠቅለል ጀመረች። ልጁ የቀለም ስፖንጅ አቀረበልኝ፤ "አውራ ጣትዎን እዚህ።" የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል ግን የቆጠርኩት ወንድሞቼ ቄስ ዘንድ ሲማሩ አጥር ሥር ቆሜ ነው። ብዕሩን ከእጁ ወስጄ ስሜን ጻፍኩ። ተራዬ ሲጠራ የአንጓችን እጅ ይዤ አብሬያት ገባሁ። ልጁ "እማማ! እማማ!" አለ። ጆሮዬ አልፎ አልፎ ይደክማል።

ሰባት ሰዓት፣ ድንኳኑ ውስጥ

ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። "ተረኛዋ የትኛችሁ ናችሁ?" አለች።

"ተራው የእኔ ነው። ለሷ ሰጥቻታለሁ።"

ሐኪሟ ተከትሎን የገባውን ልጅ አየችው፣ ከዚያ የአንጓችን አንገት አየች። ወረቀቱን አንብባ፣ "መቅላት የለም? በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላት በዓይን አትፈልግ፤ በእጅህ ፈልግ" አለችውና የጣቶቿን ጀርባ ቁስሉ ዳር አስጠጋች። "ይሄ እሳት ነው።" ብልቃጡን ከፍታ አሸተተችና ፊቷን ዞር አደረገች። አሲድ ነው አለች፤ በምን እንደተቀየጠ የቀየጠውም አያውቀውም።

ቁስሉን አጠበች። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ሲሽር ጠባሳው አብጦ ሊቀር እንደሚችል ነገረችን። ቅቤ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ማከክ የለ፤ ጧትና ማታ ቅባት በስሱ። ማበጥ ከጀመረ ቶሎ መጥታ በመርፌ ትታከማለች።

"ንቅሳቱስ?" አለች አንጓች።

"ከቃጠሎው በታች ነው ያለው። ቁስሉ ሲሽር ተመልሶ ይታያል።"

"በጨረር ይጠፋል ይባላል።"

"ጨረሩ ጥቁር ነገር ነው የሚያሳድደው። አንቺም ጥቁር ነሽ። ላንቺ ቆዳ የማይሆን መሣሪያ የቱን እንደሚያሳድድ አይለይም። ለኛ ቆዳ የሚስማማ አለ፣ ግን በሚያውቅ እጅ፣ በብዙ ጊዜ። መጀመሪያ ይሄ ይዳን። ማን ነው ያስነቀሰሽ?"

አንጓች ዞር ብላ አየችኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ለእንቅርት።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። ሳቅ ይሻለኝ ነበር። አንገቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችና "ይሄን የሚከለክለው አዮዲን ያለበት ጨው ነበር፣ እማማ" አለችኝ፤ ለእኔም የሆስፒታል ወረቀት ጻፈች። ጨው! በአህያ ስንት ዓመት ከገበያ ያጋዝኩት ጨው፣ አዮዲን ይኑረው አይኑረው ማንም ሳይነግረኝ፣ እኔም ማንንም ሳልጠይቅ።

ቅባቱን ስትሰጠን፣ "አንቺ አንገትሽን ስለማታዪው ሌላ ሰው ይቀባሽ" አለቻት። አንጓች መሬት መሬት አየች።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጥሊሊ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። በመልስ መንገድ ላይ ቅባቱን ጎረቤት ትቀባት እንደሆነ ልጠይቃት አሰብኩ፤ መልሱን ፈርቼ ተውኩት። በረንዳው ላይ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ።

አንጓች ራሷ መጣች። ፊት ለፊቴ ዝቅ ያለች የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ሻርፑን አወረደች፣ ፀጉሯን ሰብስባ አገጯን ወደ ላይ ቀና አደረገች።

ሲነቅሷት ሰባት ዓመቷ ነበር። ራሷን በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መርፌው ሲወጋት "ተዪኝ፣ እናና፣ ተዪኝ" እያለች ጮኻለች። "አለቀ፣ ትንሽ ነው የቀረው" አልኳት። ገና ሁለት ዙር ይቀር ነበር።

ቅባቱን በጣቴ ጫፍ፣ ከጠርዙ ጀምሬ፣ በስሱ አስኬድኩት።

"ተዪ" አለች።

እጄን አነሳሁ። ጠበቅኋት። የጎረቤት ፈረስ አሽካካ፣ አንድ ሚኒባስ አለፈ፤ እኔ ጣቴን አየር ላይ ይዤ ጠበቅኋት።

"አሁን ቀጥዪ" አለችኝ።