ለካሚዮን የተነሣች እጅ

አባቴ ግመል ነጂ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የዚያን ቀን ስሕተታችን ከዚህ ስለ መጣ ነው። ከቆላ ጨውና ጥጥ ጭኖ ወደ ደጋ፣ ከደጋ እህል ጭኖ ወደ ቆላ ሲመላለስ ነው ጎልማሳነቱን የጨረሰው። ጣሊያን ገብቶ መንገዱን ሲሠራና ካሚዮን የሚሉት የጭነት መኪና ሲበዛ ግመል የሚከራይ ጠፋ። አባቴም ግመሎቹን ሸጦ ማሽላ ዘሪ ሆነ። ግመሎቹን ሸጠ እንጂ ጠባዩን አልሸጠም፤ እናቴን ብትጠይቋት ይህን ከኔ አብልጣ በነገረቻችሁ ነበር።

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ነበር። ነፋሱ ወደኛ ሲመጣ የከተማው አዛን ይሰማናል፤ ገበያ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኔ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከኔ በኋላ እናቴ ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ በዚያ ዓመት ግን አላህ ወንድ ልጅ ሰጣት። ወንድሜ አምስት ወር ሆኖት ነበር፤ እናቴ ከጀርባዋ አታወርደውም።

እናቴ የካራቆሬ ልጅ ናት። ካገባች ወዲህ እናቷን ያየችው እኔን ልታሳይ የሄደች ጊዜ ብቻ ነው። በእግር ሁለት ቀን ያስኬዳል፤ መሐል ላይ የጀውሃ ሜዳ ላይ ማደር አለ፤ እዚያ ያደረ ሕፃን ደግሞ ወባ ይዞት ነው የሚነሣው። ኋላም ጦርነቱ መጣና ሰው ከቀዬው መውጣት ፈራ። ዛሬ ነገ ሲባል ሰባት ዓመት አለፈ። ታዲያ ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን አንድ ነጋዴ ከካራቆሬ የአያቴን መልእክት ይዞ መጣ። «ዓይኔ እየሄደብኝ ነው፤ ወንድ ልጅ ወለደች አሉ፤ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ መልኩን ልየው፤ በልልኝ ብላለች» አለ።

እናቴ አላለቀሰችም። የምትፈትለውን ጥጥ ወደ ጎን አድርጋ አባቴን አየችው። «በካሚዮን ጧት ተሳፍረው ማታ ይመለሳሉ አሉ። የማሽላውን ወፍ ጎረቤት ለአንድ ቀን ይጠብቅልናል። ይውሰዱኝ» አለች።

«ኢንሻአላህ» አለ አባቴ።

የአባቴ ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የሚሆነውና የማይሆነው። እናቴ የትኛው እንደሆነ ከድምፁ ታውቃለች። ሦስት ቀን ሙሉ ምግቡን እያቀረበች ቃል ሳትተነፍስለት ቆየች። በአራተኛው ቀን «ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ» አላት፤ እሷም «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ወጥ ጨመረችለት።

ለምን እንዳመነታ እኔም አውቅ ነበር። በዚያ ዘመን የጣሊያን ሹም በመንገድ ሲያልፍ ያገኘው ሰው ሁሉ ቆሞ ቀኝ እጁን ወደ ላይ መዘርጋት ነበረበት። ሰላምታቸው ነው አሉ። ያልዘረጋ በአለንጋ ይገረፋል። አባቴ ይህን ላለማድረግ መንገዱ ከተሠራ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ በላዩ ሄዶ አያውቅም። ገበያ የሚሄደው በማሳው ውስጥ ለውስጥ፣ በእሾህ መሐል፣ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ጠመንጃ የለው፣ ሸፍቶ ዱር አልገባ፤ ያለችው አንዲት ቀኝ እጅ ናት፣ እሷን ለነሱ አላነሣም ብሏል። ሰው ይስቅበት ነበር። እኔም ከእግሩ እሾህ ስነቅልለት በሆዴ እስቅበት ነበር፤ አላህ ይማረኝ።

በማግስቱ ለዒድ የምንለብሰውን ለበስን። እናቴ የካሚዮን ሙሉ ሰው ዓይን እንዳይበላብኝ ብላ ወንድሜን በቅንድቦቹ መሐል ኩል ቀባችው። እኔ ለአያቴ የሚሰጠውን ማር በቅል ተሸከምኩ። መንገዱ ዘንድ ስንደርስ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። ዳር ላይ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሄድንና ቁጭ አልን።

እንግዲህ ስሕተታችን ይኸው ነው፤ ቁጭ አልን። በግመል ነጂ ደንብ፣ ጓዙን ይዞ መንገድ ዳር የተቀመጠ ቤተሰብ ካየህ ዝም ብለህ አታልፍም። ግመልህን ታቆማለህ፣ ሰላም ትላለህ፣ ወዴት ናችሁ ብለህ ትጠይቃለህ፤ መንገዳችሁ አንድ ከሆነ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ አይለምንም፤ የሚያልፈው ነው የሚጠይቀው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለመንገደኛ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ካሚዮንም እንዲሁ የሚያደርግ መሰለው። ጥምጣሙን አስተካክሎ፣ በትሩን አጠገቡ አጋድሞ፣ እስኪጠየቅ ድረስ ተረጋግቶ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ካሚዮን አቧራውን አልብሶን አለፈ። «ቸኩሎ ይሆናል» አለ አባቴ። ሁለተኛውም አለፈ፤ ጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሰዎች እንዲያውም እየሳቁ ሰላም አሉን። አባቴ በገነ። «ደንብ የማያውቅ ሕዝብ! ሕፃን ያዘለች ሴት ተቀምጣ እያየ ያልፋል?» አለ። እናቴ ፀሐይዋ የት እንደ ደረሰች ቀና እያለች ታይ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ መንገዱን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ አካፋውን ተሸክሞ መጣ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ካሚዮን» አለ አባቴ።

«ቁጭ ብላችሁ?»

«ምን እናድርግ ታዲያ?»

ሽማግሌው አካፋውን ተመርኩዞ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ግመል አይደለም። ሾፌሩ ጥላ ሥር ያረፋችሁ ነው የሚመስለው። ጠርዙ ላይ ቁምና እጅህን እንዲህ አንሣ» ብሎ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

አባቴ ያንን እጅ አይቶ መሬት መሬቱን ተመለከተ። «ሌላ ማቆሚያ የለውም?» አለ።

«የለውም።»

እናቴ «እኔ ላንሣ» ብላ ብድግ ስትል አባቴ ከለከላት። «ባልሽ ተቀምጦ አንቺ የማታውቂውን ወንድ ልታቆሚ?» አለና ራሱ ተነሣ።

ከከተማው በኩል አቧራ ታየ። አባቴ ጠርዙ ላይ ቆመ። እጁን እስከ ትከሻው አደረሰ፣ መለሰው፣ ደግሞ ጀመረው፤ በመጨረሻ ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። አቧራው ሲቀርብ ግን ካሚዮን አልነበረም። ጣራ የሌላት ትንሽ መኪና ነበረች፤ ከኋላዋ አንድ የጣሊያን ሹም ተቀምጦባታል። ሹሙ አባቴን አየና ደስ ብሎት ፈገግ አለ። የራሱንም እጅ አነሣለትና አለፈ።

አባቴ እጁን ቶሎ ማውረድ እንኳ አልቻለም። መኪናዋ ከዓይን ከጠፋች በኋላ ተመልሶ መጣና ተቀመጠ፤ ያቺን እጅ ጭኑ ሥር ሸሸጋት። «እንመለስ» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። ሽማግሌው ሳቁን ትቶ አካፋውን አነሣና ቀስ ብሎ ሄደ።

እናቴ ተነሣች። ማዘያዋን አጠበቀች። ወደ ቤት የምንመለስ መስሎኝ ቅሌን ያዝኩ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ካራቆሬ አዙራ በእግሯ መሄድ ጀመረች። አልተቆጣችም፤ ዞራም አላየችም። የጀውሃን አዳርም፣ ወባውንም ከኔ አብልጣ ታውቃለች፤ ቢሆንም ሄደች። እኔ መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ወዲህ አባቴ፣ ወዲያ እናቴ። ሁለቱንም የማጣ መስሎኝ ማልቀስ ጀመርኩ።

አባቴ ነጠላዋ ብቻ እስኪታይ ድረስ ተቀምጦ አያት። ከዚያ ብድግ ብሎ እጄን ያዘኝና እየሮጥን ደረስንባት። የማሩ ግማሽ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

«ቁሚ» አላት።

«አልቆምም።»

«ቁሚ አልኩሽ! አቆምልሻለሁ።»

ከኋላችን የሞተር ድምፅ ይመጣ ነበር። አባቴ ምን እንደሚመጣ አላየም። ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ እጁን አነሣ። ሹምም ይሁን ካሚዮን ያን ጊዜ ግድ አልነበረውም።

ካሚዮን ነበር። እያጓራ አልፎን ጥቂት ሄደና ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አሰላሙ ዐለይኩም! ወዴት ናችሁ?» አለ። አባቴ ዓይኑን ገለጠ፤ እንባ አቅርሮ ነበር። ወደኛ ዞረና «ይኸው!» አለ፣ «ደንብ የሚያውቅ ሰው!»

የተጫነው ጥጥ ነበር። እናቴ ጆንያው ላይ ስትቀመጥ ስምጥ አለችና «እንዲህ ያለ ፍራሽ ለሠርጌም አልተነጠፈልኝ» ብላ ሳቀች፤ ከአራት ቀን ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። አባቴ መጀመሪያ የካሚዮኑን እንጨት በሁለት እጁ አንቆ ዱዓውን ያነበንብ ነበር። ኋላ ለቀቅ አለና ያደረባቸውን ቦታዎች ያሳየን ጀመር። እዚህ አንዲት ግመሉ ወልዳለች፤ እዚያ ጅብ አባርሯል። ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ቦታው ከኋላችን ይቀራል። «ይሄ እኮ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር» አለ፣ ሰው እንደ ሰደበው ቅር ብሎት። ሰንበቴ ከተማ ስንደርስ ሾፌሩ ለሞተሩ ውሃ ሊጨምር ቆመ። መጀመሪያ ግን በጣሳ ቀድቶ ለእናቴ አቀበላት። «የምታጠባ ትቅደም» አለ።

ያን መንገድ ያሠራው ጠላት እንደሆነ አልረሳሁም፤ ድንጋዩን ሲፈልጡ የወደቁት የማን ልጆች እንደሆኑም አልረሳሁም። ለጣሊያን ምስጋና የለኝም። ለዚያ ሾፌር ግን፣ ስሙን እንኳ ሳንጠይቀው ለቀረነው፣ እስከ ዛሬ ዱዓ አደርጋለሁ። ስቆብንም ቢሆን መላውን ላሳየን ሽማግሌም አደርጋለሁ።

ካራቆሬ ከዙሁር ሶላት በፊት ደረስን። ሾፌሩ «ከአስር ሶላት በኋላ የሚወርዱ አሉ፤ እጅህን ማንሣት ብቻ ነው» ብሎ ተሰናበተን። አባቴ ከአያቴ አጥር ውጭ ቀረ፤ በኛ ደንብ አማች የሚስቱን እናት ፊት ለፊት አያይም፣ ሲገናኙም ፊቱን ይሸፍናል። እናቴ ሮጣ ገባች። አያቴ ብርሃኑ እንዲበዛላት ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኖቿ ላይ ነጭ ነገር ወርዷል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

ምን ያህል ተቃቅፈው እንደ ቆዩ አላውቅም። አያቴ ሕፃኑን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችውና ፊቷ ጠቆረ። «አመድ ነው የሚመስለኝ። ጨርሶ ጨልሞብኛል መሰለኝ» አለች። አቧራው እኮ ነው። እናቴ ውሃ አምጥታ ወንድሜን እየጮኸ አጠበችው፤ ኩሉንም ጭምር አስለቀቀችው። አያቴ አፍንጫዋ አፍንጫውን እስኪነካ አቅርባ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ዓይኗ እየለዋወጠች አየችው።

«የአባቴ አፍንጫ ነው» አለች። «አየሁት! አልሐምዱሊላህ፣ አየሁት!»

እናቴ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ምሳ ከበላን በኋላ አያቴ እንዴት እንደ መጣን ጠየቀች። እናቴ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ መቀመጣችንን፣ ሽማግሌውን፣ ሹሙን፣ እጁን። እኔ አፈርኩ፤ አባቴ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ እንደሚሰማ አውቃለሁ። አያቴ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ያቺን እጅ አምጡልኝ» አለች።

አባቴ ፊቱን በኩታው ሸፍኖ ገባ። አንገቱን ደፍቶ ቀኝ እጁን ዘረጋ። አያቴ በሁለት እጇ ይዛ፣ ልክ ሕፃኑን እንዳየችው፣ ዓይኗ ሥር አስጠግታ መዳፉን አየችው። የግመል ገመድ የተወው ጠባሳ አለበት።

«ይቺ ለፈረንጅ አልተነሣችም» አለች። «ይቺ ለኔ ዓይን ነው የተነሣችው።» ሳመችው። ኩታው ሥር የአባቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በአባቴ የሳቅሁበትን ሁሉ በዚያች ሰዓት አላህ ይቅር እንዲለኝ ለመንኩ።

ከአስር በኋላ መንገዱ ዳር ወጣን። እናቴ የምናርፍበት ጥላ ስትፈልግ አባቴ ጠርዙ ላይ ቆሞ እጁን አንሥቶ ነበር። ገና አቧራ እንኳ አይታይም።

የሚቀጥለውን ዓረፋ አያቴ በጨለማ አከበረችው። ካራቆሬ ያለው የእናቴ ወንድም ኋላ እንደ ነገረን፣ ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ ትቆጣ ነበር። «ተዉኝ» ትላለች፣ «የልጄን ልጅ አፍንጫ አይቻለሁ፤ የአማቼን መዳፍ አይቻለሁ። ከነሱ ወዲያ አጥርቼ ያየሁት የለም፤ ሌላም አላሰኘኝም።»